ከተማ ውስጥ በማገዶ እንጀራ መጋገር ይከልከል?

ሽቦ፦ ይከልከል ባይ ነኝ። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመነጨው። 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ታዲያ እንጦጦ ላይ ቅጠል የምንጠርገው እስከ መቼ ነው? ከባሕር ዛፉ ስር ቅጠሉ በተጠረገ ቁጥር መሬቱ ይራቆትና ክረምት አፈሩን ያጥበዋል።

አክንባሎ፦ ወንድሜ ሽቦ፣ ከግድቡ እስከ ሶኬቱ ያለውን ዘለልከው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። የተለመደው ሶኬት አቅሙ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት ይቀልጣል። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከቆጣሪው ለብቻው ተስቦ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው) ይግባለት። ሰዉ ግን ብሬከሩ ሲወድቅበት ሽቦውን ትቶ ትልቅ ብሬከር ያስገባል፤ ያኔ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይነድዳል።

ግቢ ሙሉ፦ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ! ሁሉም ባንዴ ቢጥዱ 17.5 ኪሎ ዋት ነው፤ አከራዩ «ምጣድ ክልክል ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሕጉ ማገዶ፣ አከራዩ ምጣድ ከከለከለ ተከራዩ ምን ይብላ?

ሽቦ፦ ተራ ይያዛላ። ምጣዱ እስኪግል ብቻ 10–15 ደቂቃ ይፈጃል። በሳምንት ሦስቴ አሥር አሥር ከመጋገር አንዴ 30 መጋገር ሁለት ማጋያ ያተርፋል። ሦስት እንጀራ ሲቀር ይጠፋ፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ያወጣቸዋል።

አክንባሎ፦ በአንዴው አልስማማም፤ በአራተኛው ቀን ይሻግታል፣ በተለይ ሳይበርድ ተደራርቦ ላብ ከያዘ። ሁለቴ በል። የመጨረሻዎቹም ሊጡ ከወፈረ ዓይን አያወጡም፤ ለነሱ ቀጠን ይበል።

ጉልቻ፦ መብራት ሲጠፋ የተቦካው ሊጥ አይጠብቅም፤ ክልከላው ቅጠሉን ወደ ሌሊት ያዞረዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። መጋጠሚያው በጭቃ ካልተመረገ ግን እሳቱ በጎን ይወጣል፤ ያኔ ምጣዱ መሀሉ ያራል፣ ጠርዙ ሊጥ ይሆናል። መጀመሪያ ለየግቢው ለምጣድ የሚበቃ መስመር ይግባ፤ የክልከላውን ነገር ያኔ እንነጋገርበታለን።

ሽቦ፦ የመስመሩን ወጪ ማን ይክፈል? አከራይ ወይስ ተከራይ?

ግቢ ሙሉ፦ አከራይ። ተከራይ ሲለቅ ሽቦውን ነቅሎ አይሄድም።