የኤሌክትሪክ ሳይክሌ ከ25 አላልፍም አለ፤ እውነት በሕግ ተዘግቶ ነው?

መንገደኛው (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ አስቸኳይ ነው! ኮንትሮለሩ (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ተቃጥሎ ዛሬ በአዲስ አስቀየርኩት። ድሮ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፣ አሁን 25 ላይ ሲደርስ ጋዝ ብሰጠውም ባልሰጠውም ያው ነው። ሻጩ «ሕጉ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ነገ ጠዋት ደብረ ሲና ዕቃ ማድረስ አለብኝ። ምን ላድርግ?

የጠባሴ ልጅ፦ በዚህ ብርድ 25 አነሰህ? መጀመሪያ ጋቢ ደርብ።

ናስትሮ፦ ከኮንትሮለሩ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ ነጭ ገመድ አለ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ሶኬት ያለው። ንቀለው፣ አለቀ።

ሕግ ይከበር፦ መንቀሉን ተዉትና 25 ከየት እንደመጣ እንነጋገር። አውሮፓ ውስጥ ሞተሩ 250 ዋት ሆኖ 25 ላይ ማገዙን ማቆም አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ሳይክል መሆኑ ቀርቶ ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። አሜሪካ እንደየክፍለ ግዛቱ ቢለያይም የተለመደው 32 ነው፣ በፔዳል ብቻ ለሚታገዘው 45። ቻይና እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ 25 ኪሎ ሜትር፣ 400 ዋት፣ 48 ቮልት ብላ ወስናለች። ኮንትሮለርህ ለዚያ ገበያ ተዘግቶ የመጣ ነው። ሻጩ የነገረህ የፋብሪካውን አገር ሕግ ነው። እዚህ ከመክፈትህ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

ቴስተር፦ ወንድሜ፣ ገመድ ከመንካትህ በፊት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሳና ጋዙን ሙሉ ስጠው። አየር ላይም 25 ላይ ቀጥ ካለ ተዘግቷል ማለት ነው። አየር ላይ 40 አልፎ አስፋልት ላይ 25 ከሆነ ግን ችግሩ ባትሪ ነው፤ ዳገት ላይ አራቱን ባትሪዎች አንድ በአንድ ለካ፣ ከ10.5 ቮልት በታች የወረደው እሱ ነው።

መንገደኛው፦ አየር ላይም 25 ነው!! ነጭ ገመድ ግን ሁለት ቦታ አለ፣ የቱን?

ሮቢት 48፦ ነጩን ገመድ ንቀል።

የጠባሴ ልጅ፦ ጥያቄውን አንብብ እንጂ ጌታዬ!

ቴስተር፦ የተያያዘውን ንቀል፤ የፍጥነት መዝጊያው እሱ ነው። ተለያይቶ የተንጠለጠለው ጥንድ ብዙ ጊዜ ኮንትሮለሩ የሞተሩን አዟዟር እንዲለይ ማስተማሪያ ነው፣ አታገናኘው፤ ካገናኘኸው ጎማው በራሱ ይዞራል። ቁልፉን ዘግተህ፣ የባትሪውን ሶኬት አውጥተህ ሥራ። የነቀልከውን ጫፍ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልል፤ ዝናብ ሲገባበት አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል።

ጣርማ በር፦ ለመሆኑ ደብረ ሲና በምን ቻርጅ? ባትሪህ 48 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ከሆነ 960 ዋት ሰዓት ነው። ዕቃ ጭነህ በኪሎ ሜትር 20 ቢወስድ በወረቀት 48 ኪሎ ሜትር፣ በዚህ ብርድ በሊድ ባትሪ 40 ከሞላ ዕድለኛ ነህ። መንገዱ 60 ነው። ፍጥነቱን ስትከፍት ደግሞ ይብስበታል። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ላለው ቁልቁለት ፍሬን ሸራህን አይተኸዋል? ከ25 ወደ 40 ስትወጣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ለመቆም የሚፈጅብህ ርቀት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ዕቃውን በሚኒባስ ላከው።

ሮቢት 48፦ ቁልቁለቱ ላይ ሞተር ምን ያደርጋል፣ ልቀቀው ብቻ 😂

ናስትሮ፦ መንገደኛው፣ ነቀልከው?

ቴስተር፦ ገመዱን ነቅለህም 25 ካለ ዲስፕሌዩ ውስጥ ግባ። የመደመርና የመቀነስ ቁልፉን አብረህ ተጭነህ ቆይ። ኤስ 866 ዓይነት ከሆነ ፒ08 የፍጥነት ጣሪያው ነው፣ ፒ06 የጎማው ኢንች። ጎማህ 20 ሆኖ 26 ተሞልቶ ከሆነ 25 የሚልህ ገና 19 ላይ ነው።