ከታክሲ አደጋ በኋላ እንቅልፍ፣ ልብ ምትና ጨጓራ አብረው ተናጉ፤ የት እንሂድ?

እህት ከሜክሲኮ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከተጋጨ ሰባት ሳምንት ሆነው። ስብራት የለውም። ግን ሌሊት በላብ ተዘፍቆ ይባንናል፣ ጡሩምባ ሲሰማ ይበረግጋል፣ ፒያሳ ድረስ በእግሩ ነው የሚሄደው። ደረቴን ወጋኝ ብሎ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳ፤ ደህና ነው ተባለ። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ይወስዳል። እናታችን «አታስበው» ትለዋለች፤ ጎረቤት ደግሞ ለእንቅልፉ ዳያዜፓም ሰጠችው።

ሳይኮሎጂስት ከካዛንቺስ፦
እነዚህ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ። አደጋው ቢያልፍም ሰውነቱ ገና በተጠንቀቅ ላይ ነው፤ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ልብን ያስመታል፣ ጡንቻ ይወጥራል፣ ሆድ ያውካል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ በራሱም ይበርዳል። ከአንድ ወር ካለፈና ኑሮውን ካወከ ግን ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

«አታስበው» አይሠራም፤ በግድ የተገፋ ሐሳብ ብሶበት ይመለሳል። ዘመድ ከቦት «እስቲ ንገረን» ማለትም እንዲሁ አይጠቅምም። አደጋውን ደጋግሞ መተረክ የሕክምናው አካል የሚሆነው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ይፈጃል።

ታክሲውን በደረጃ ይልመደው፣ ቢቻል ባለሙያው እየመራው። ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ይመዝን። መጀመሪያ በሩ ክፍት በሆነ የቆመ ታክሲ ውስጥ ይቀመጥ። ቀጥሎ ከሰው ጋር ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከዚያ ብቻውን። ፒያሳና ጋቢና መጨረሻ ላይ ይምጡ። ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ ከደረጃው አይነሳ፤ ለገሃር ቅርብ ስለሆነች ቁጥሩ ሳይወርድለት ሊደርስ ይችላል፣ ያኔ መልሶ መሳፈር ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ «ወራጅ አለ!» ብለው ሲወርዱ ነው፤ አእምሮ የሚይዘው «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» የሚለውን ነው። ባቡሩም ቢሆን ታክሲን ለመሸሽ ከሆነ ያው ሽሽት ነው።

ሲስተር፦
ጭንቅላቱ ተመትቶ ነበር? ራስ ምታት እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው ወይም ግራ ከተጋባ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። ካልሆነ ደም ግፊት፣ ሄሞግሎቢን (ለደም ማነስ) እና የታይሮይድ ምርመራ ይበቃል፤ ኢሲጂ በየሳምንቱ ማስነሳት ጭንቀቱን ይመግባል እንጂ አያክምም። የጤና መድን ካለው ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፍ። አማኑኤል ሆስፒታልም ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። አማኑኤል «ያበደ ብቻ ነው የሚሄደው» የሚባለውን ተዪው።

ሲባንን በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገብቶ በ6 ሰከንድ ያስወጣ፣ ለ5 ደቂቃ። ቶሎ ቶሎ በጥልቀት ከተነፈሰ ያዞረዋል፣ ጣቱን ይደነዝዘዋል፤ ያኔ ልቤ ቆመ ብሎ ይደነግጣል። ከምሳ በኋላ ቡና ይቅር፤ ጫት ጭራሽ። ራሴን ላጥፋ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ዳያዜፓም ለፒቲኤስዲ አይመከርም፤ ያስተኛል እንጂ ሕመሙን አይነካም፣ ሱስም ያስይዛል። በዚያ ላይ ኦሜፕራዞል ጉበት ዳያዜፓምን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ በማግስቱም ሊያፈዘው ይችላል። ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ስንት ቀን ወሰደ?

እህት ከሜክሲኮ፦
5 ሚሊግራም፣ አራት ሌሊት።

ፋርማሲስቱ፦
እንግዲያው ማቆም ይችላል። ለሳምንታት በየቀኑ ቢወስድ ኖሮ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስለት ነበር። ሐኪሙ ሰርትራሊን (ለፒቲኤስዲና ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት) ካዘዘለት ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ያኔ ነው። ከምግብ ጋር ይውሰደው።