ስኩተሬ አቀበት ላይ ትታፈናለች፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የሞተር ነገር የገባችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጋራዥ አይጠፋም፤ ግን ለትንሹም ለትልቁም መክፈል ሰለቸኝና ቀላል ቀላሉን ራሴ መሥራት ጀምሬያለሁ። ዘይት መቀየሩ፣ የፍሬን ገመድ ማጥበቁ አላስቸገረኝም።

የያዘኝ ሌላ ነው። ስኩተሯ 125 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ናት። ጠዋት ወዲያው ትነሳለች፣ ሚኒሞዋም (ጋዝ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ) ደህና ነው። ሙሉ ጋዝ ስሰጣት ግን፣ በተለይ አቀበት ላይ፣ ትታፈናለች። ከኋላ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ አለ። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትቼ ሳየው ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሷል፤ ስነካው ጣቴን እንደ ምጣድ ቂጥ አጠቆረው። ቤንዚን በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን አጸዳሁት (የሰፈራችንን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል)። ትንሽ ተሻላት እንጂ አልዳነችም።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ታዲያ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ናስ ጠበብ ባለች ልቀይራት? ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛው) እየሠራ ይሆን? ሚኒሞዋ ደህና ስለሆነ ቾኩን ብዙም አልጠረጠርኩም። በጎን ያለችው ማስተካከያ ቡሎን በዋናነት የምትነካው ሚኒሞውን ስለሆነ አልነካካኋትም።

እግረ መንገዴን፣ የኋላ ጎማው ጋ ያለውን የማርሽ ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ትቀይራላችሁ?

ፎቶ ካስፈለገ እልካለሁ። «ጋራዥ ውሰዳት» የሚለው መልስ ብቻ ይቅርብኝ።