ለቮልስ የፊት ዲስክ የትኛው የፍሬን ማስተር ይሻላል?

ሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። እዚህ ጎንደር አንድ አሮጌ ቮልስ እያደስኩ ነው። የፊቱን ታምቡር አንስቼ ከኮሮላ የወጣ ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን በሸራ ጨምቆ የሚይዘውን) አስገጥሜለታለሁ፤ የኋላው እንደነበረ ነው። ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ግን የድሮው፣ ባለ አንድ መስመር፣ የፒስተኑ ዲያሜትር 19 ሚሊ ነው። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ድረስ ባዶውን ይሄዳል። አየሩን በደንብ አስወጥተናል፣ የሚያፈስ ቦታም የለም። ካሊፐሩ ብዙ ዘይት ስለሚወስድ ማስተሩ አልበቃውም ብዬ ነው የማስበው።

22 ሚሊ ባስገባ ፔዳሉ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የፒስተኑ የገጽ ስፋት ከሲሶ በላይ ስለሚጨምር ያንኑ ግፊት ለማግኘት እግሬ በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) ደግሞ የለውም። ቤተሰብ ጭኜ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስወርድ ምን ሊሆን ነው? 20.6 ሚሊ የሞከራችሁ አላችሁ? ባለ ሁለት መስመር መሆኑ ላይ ግን አልደራደርም፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ሌላው መያዝ አለበት።

ሌላው፣ የድሮው ማስተር መውጫው ላይ ለታምቡር ተብሎ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ፔዳሉን ከለቀቅኩ በኋላም የፊት ጎማው በእጅ ሲዞር ይከብዳል፣ ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይቀራል። በአዲሱ ላይ ለፊት መስመር ይህ ቫልቭ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል?