የዕቅድ ውይይት፦ የስንብት አንቀጽ ለኅብረት ስምምነቱ (ደብረ ብርሃን)

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ለአሠሪው የምናቀርበው የስንብት አንቀጽ እስከ ዓርብ ይጠናቀቅ። መነሻችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ያለውን ከመድገም ሰው የሚጎዳበትን ቀዳዳ እንድፈን።

የሽመና ክፍል ተወካይ፦
ዋናው ቀዳዳ ጊዜ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ከስንብት የመነጨ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ካልቀረበ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ማለፍ) ያግደዋል። የተሰናበተው ግን «ኮሚቴው ይሰብሰብ፣ ሥራ አስኪያጁ ይመለሱ» እየተባለ ይጉላላል። ለሥራ አስኪያጁ የጻፈው አቤቱታ፣ እሳቸው በጽሑፍ ካላመኑለት በቀር ይርጋውን አያቋርጥለትም። «ለውስጥ ቅሬታ በ10 የሥራ ቀን የጽሑፍ መልስ ይሰጣል» የሚል ይግባ። መልስ ቢቀርም ክሱ በሁለተኛው ወር መከፈት አለበት።

የጥበቃ ክፍል ተወካይ፦
እህታችን ያሉት ልክ ነው፤ ግን በቃል የሚባረረውስ? በር ላይ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ይባላል፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ይጻፍበታል። በጽሑፍ እየተጠነቀቀ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን የቀረ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ይሰናበታልና ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ሠራተኛው በዚያው ቀን «ለሥራ ቀርቤ ተከልክያለሁ» ብሎ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም አስመትቶ ይያዝ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ ልኮ ደረሰኙን ያስቀምጥ።
በአዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም። ስለዚህ የዲሲፕሊን ቃለ ጉባኤው ጥፋቱ የታወቀበትን ቀን ይያዝ።

የሒሳብ ክፍል ተወካይ፦
ገንዘቡን አባላት ቁርጡን ይወቁ። አማካይ የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነ፣ 4 ዓመት የሠራ ቋሚ ሠራተኛ ያለ አግባብ ተሰናብቶ ካልተመለሰ፦ ካሳ 180 × 200 = 36,000፤ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 12,000፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ሢሶ ሢሶው እየታከለ 6,000። ድምሩ 60,000 ብር። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለ ለብቻው ይታሰባል።
ይህ ሁሉ የሚጠፋው በአንዲት ፊርማ ነው፤ ክሊራንስ (ዕቃ ማስረከቡን በየክፍሉ የሚያስፈርሙበት ቅጽ) ሲያዞሩ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የምትል ወረቀት መሃል ትገባለች። የክሊራንስ ቅጹ የዕቃ ርክክብ ብቻ እንዲሆን፣ ሲፈረምም የማኅበሩ ተወካይ እንዲገኝ ይጻፍልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሦስቱንም አስገብቻለሁ። የሽመና ክፍል የ10 ቀኑን አንቀጽ፣ ሒሳብ ክፍል የክሊራንሱን ቅጽ እስከ ረቡዕ ይላኩልኝ። የጥበቃው ማመልከቻ ናሙና በየክፍሉ ሰሌዳ ይለጠፋል።