ጥቅምት ገባ፤ ሳይክሌን ልስቀላት ወይስ ልቀጥል?

የስሊጎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግንቦት ላይ ያገለገለች ሳይክል በ180 ዶላር ገዛሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ነክቼ ስለማላውቅ የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቼ እየሳቁብኝ ፓርኪንግ ውስጥ ስዞር ነው ያለፈው። አሁን ግን ለምጄ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የስሊጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ያለውን የሳይክል መንገድ ይዤ እስከ ሃያትስቪል ወርጄ እመለሳለሁ። ከሳምንቱ ውስጥ የራሴ የምላት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ስልክ የለ፣ "እማዬ!" የሚል የለ።

ችግሩ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። ጠዋት 43 ፋራናይት ነበር። ያንን ወደ ሥራ የምለብሰውን ወፍራም ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ። መጀመሪያ ተመቸኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባዬ በላብ ራሰ፣ ዚፑን ከፈትኩት፣ ነፋሱ ገባና ተንቀጠቀጥኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ እንደገና ላብ። እጄማ አይነሳ! ከመቆፈኑ የተነሳ ፍሬን መያዝ አቅቶኝ ዳገቱን በእግሬ እየገፋኋት፣ ጣቶቼን ተራ በተራ በአፌ እየተነፈስኩባቸው ነው ቤቴ የገባሁት። ባለቤቴ አይቶኝ "በቃ፣ አሁን ጋራዥ ትግባ፣ ለፋሲካ ታወጫታለሽ" አለኝ።

በዚህ ብርድ የሚነዳ ሰው አለ? ምንድነው የምትለብሱት? ስፖርተኛ አይደለሁም፣ ለመዝናናት ነው፣ ስለዚህ ብዙ ብር ማፍሰስ አልፈልግም። ደግሞ አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ነው የሚፈሰው። የእኔ ብቻ ነው?

ዳገት አልወድም፦

እህቴ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም ይፈሳል። በሳይክል ጓንት አውራ ጣት ላይ ያለችው ለስላሳ ጨርቅ ለምን የተሰፋች ይመስልሻል?

አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ አምስተኛ ክረምቴ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እኔም ልክ እንዳንቺ በወፍራም ጃኬት ነበር የጀመርኩት፣ ስለዚህ ስህተቱን አውቀዋለሁ። ያበረደሽ አየሩ ብቻ አይደለም፣ ላብሽ ነው። ያ ጃኬት የተሠራው አውቶቡስ ለምትጠብቅ ሴት ነው፣ ፔዳል ለምትመታ አይደለም። ከቤት ስትወጪ ትንሽ ካልበረደሽ ልብስ አብዝተሻል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃዎች ቻያቸው፣ ከዚያ ሰውነትሽ ራሱ ምድጃ ይሆናል።

ለ43 ፋራናይት እኔ የምለብሰው ሦስት ስስ ልብስ ነው። ከውስጥ ገላ ላይ የሚለጠፍ የፖሊስተር ሹራብ (ጥጥ እንዳትለብሺ፣ ጥጥ ላቡን ይጠጣና እርጥብ ፎጣ ይሆንብሻል)፣ ከላዩ ቀለል ያለ ፍሊስ (ለስላሳ፣ የሚያሞቅ ሹራብ)፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ስታጥፊው ኪስ የሚገባ ዓይነት። ነፋሱን ከያዝሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። አየሩ 40 ሆኖ በሰዓት 15 ማይል ነፋስ ሲመታሽ ሰውነትሽ ላይ እንደ 32 ነው የሚሰማው፣ እና ሳይክል ላይ ሆነሽ ነፋስ ባይኖርም ራስሽ ትፈጥሪዋለሽ።

ለእጅ ሁለት ጓንት ደርቢ። ከውስጥ ስስ፣ ከውጭ ነፋስ የሚከላከል። ግን በጣም ጠባብ እንዳይሆን፣ ጣት ሲታፈን ደም አይዘዋወርም፣ ይብስበታል። ጆሮሽን ደግሞ ከሄልሜቱ ስር በስስ ሻሽም ቢሆን ሸፍኚው።

ብርዱ ያልቻለኝ፦

እኔ ግን አልገባኝም፣ ግድ ነው እንዴ? ጂም በወር 15 ዶላር ነው፣ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ፔዳል መምታት እያለ። ብርድ ከመታሽ በኋላ የሆስፒታሉ ቢል ሲመጣ ይቆጭሻል። ባልሽ ልክ ነው 😂

ጋሽ ጣና፦

ጂም ውስጥ ሳይክሉ የትም አይሄድም እኮ የኔ ልጅ።

ልጄ የስሊጎዋ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገራችን ሰው፣ እኔ ግን በጥቅምት አንድ ጋዜጣ እላለሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ሳይክል እግር ማለት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ይሞቃል፣ ብርድ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። አስተምር ብለው ደብረ ብርሃን ሲመድቡኝ ሳይክሌን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኜ ሄድኩ። ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ስደርስ ግን ደረቴ ደርቆ ጠመኔ መያዝ ያቅተኝ ነበር። አንድ አንጋፋ መምህር አይቶኝ የትላንቱን አዲስ ዘመን አጥፎ ሰጠኝና "ከሹራቡ ስር ደረትህ ላይ አድርገው" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርዱን ረሳሁት። ኋላ ነው የአውሮፓ ባለሙያዎቹም ከተራራ ቁልቁል ሲወርዱ ጋዜጣ ደረታቸው ውስጥ ይከቱ እንደነበር ያወቅኩት። እስከ ዛሬ ጃኬት ከረሳሁ ጋዜጣ እፈልጋለሁ። ችግሩ አሁን ጋዜጣ የሚገዛ ሰው ጠፋ።

እኔ ግን አንቺን ላስጠነቅቅሽ የምፈልገው ስለ ብርዱ አይደለም። ስለ ቅጠሉ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኖቬምበር ላይ እሁድ ማለዳ ማውንት ቨርነን ትሬይል ላይ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የእግርና የሳይክል መንገድ ነበርኩ። ሩዝቬልት ደሴት አጠገብ በእንጨት የተሠራው ድልድይ አለ፣ ታውቁታላችሁ። ሌሊቱን ዘንቧል፣ ቅጠሉ ሳንቃው ላይ ተለጥፎ ቡናማ ምንጣፍ መስሏል። ያምር ነበር። ከፊቴ አንዲት ሴት ከነውሻዋ ብቅ ስትል ፍሬን ነካሁ፣ ነካሁ ብቻ፣ የፊት ጎማው ከስሬ ወጣና በዳሌዬ ወደቅኩ። አጥንቴ ተረፈ፣ ስልኬ ግን ኪሴ ውስጥ ተሰነጠቀ። ውሻው መጥቶ ፊቴን ላሰኝ፣ ሴትዮዋ "ሶሪ፣ ሶሪ" ትላለች፣ እኔ በአማርኛ የሆነ ነገር ስል ነበር፣ እዚህ አልጽፈውም።

እርጥብ ቅጠልና እርጥብ እንጨት ላይ ፍሬን አትያዢ፣ መሪም አትጠምዝዢ። ቀድመሽ ፍጥነትሽን ቀንሺና ቀጥ ብለሽ እለፊ። ቅጠሉ ስር ምን እንዳለም አይታይም፤ የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሳበት ቦታ ሞልቷል። ጎማሽንም እይው። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት ሲወርድ የጎማው ግፊት ወደ 2 በመቶ ይቀንሳል፣ በጋ ላይ የነፋሽው በጥቅምት ሙሉ አይደለም። ሆኖም ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ከፍተኛ የግፊት ቁጥር ልክ ካልነፋሁ አትበይ። መንገዱ እርጥብ ሲሆን ትንሽ ለስለስ ያለ ጎማ መሬቱን የተሻለ ይይዛል።

ደሊቨሪ ላይ ነኝ፦

ጋሽ ጣና ተባረኩ፣ ሳቄ አላቆም አለ 😂 ውሻው እንኳን አዘነልዎት።

እኔ ዲሲ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሳይክል ምግብ አደርሳለሁ፣ ዝናብ በረዶ የለም፣ ካልወጣሁ ብር የለም። ስለዚህ ከመዝናናት ሳይሆን ከመከራ የመጣ ምክር ነው። አንደኛ እግር። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ ውሃ አያስገባም ብሎ የጫማ ሽፋን በ60 ዶላር ሸጠልኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ተተረተረ፣ ስመልሰው "ተጠቅመህበታል" አሉኝ። ልጠቀምበት አይደል የገዛሁት? አሁን ምን አደርጋለሁ፣ ካልሲ፣ ከካልሲው ላይ የዳቦ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ነፃ ነው፣ ነፋስ አይገባም። ለአንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እግር በላብ ይርሳል።

ሁለተኛ ጨለማ። የኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይ በፈረንጅ 5 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይማ 4፡45። ሰው ከሥራ ወጥቶ "ትንሽ ልንዳ" ሲል ጨለማ ውስጥ ነው። ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ግዢ፣ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ፣ ሁለቱ ከ40 ዶላር አይበልጥም። የፊቱን ወደ መሬት ዘቅዘቅ አድርጊው፣ ትሬይል ላይ የሰው ዓይን የሚያጠፋ መብራት የሚገጥሙ ሰዎች አሉ፣ ስድብ ነው የሚያተርፉት።

ኤሌክትሪክ ያላችሁ ደግሞ ባትሪውን ነቅላችሁ ቤት አሳድሩት። በብርድ ቶሎ ያልቃል። በረዶ ሆኖ እንደገባም ወዲያው ቻርጅ ላይ አትሰኩት፣ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከ32 ፋራናይት በታች ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳዋል።

አዎ ረስቼው፣ ስሊጎ ቅጠል ከበዛበት ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ቢች ድራይቭ ሂጂ። ላይኛው ክፍል በኮቪድ ጊዜ በ2020 ለመኪና ተዘግቶ በ2022 በዚያው ጸና። ሰፊ አስፋልት ነው፣ ቅጠል ካየሽ ዞር ብለሽ የምታልፊበት ቦታ አለሽ።

ስቶክሆልም ላይ፦

43 ፋራናይት ስንት ነው ብዬ ጎግል አደረግኩ። 6 ዲግሪ! እኛ እዚህ በ6 ዲግሪ ሰው አይስክሬም ይበላል 😄

ስዊድኖች "መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ" ይላሉ። አስራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፣ መጥፎ አየር አለ። ኅዳር ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሲጨልምና ዝናቡ ከጎን ሲመጣ እኔም ሳይክሉን እረግማለሁ። ግን ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በሱ ስለሆነ አላቆምም። እዚህ በረዶ ሲጀምር ብዙ ሰው ትናንሽ ሚስማር ያለው ጎማ ያስገባል፣ አስፋልት ላይ ቂጭ ቂጭ ይላል፣ መስተዋት በሚመስለው በረዶ ላይ ግን ሕይወት ያተርፋል። እናንተ ጋ ለጥቅምት አያስፈልግም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ይልቅ ካቴናውን እይው። እርጥብ መንገድ ላይ ከነዳሽ በኋላ በጨርቅ ጥርግ አድርጊና ለዝናብ የሚሆን የሳይክል ዘይት ቀቢው፣ አለዚያ በሁለት ሳምንት ዝገት።

ብርዱ ያልቻለኝ ላልከው፣ ብርድ የሚመታ ከነላብሽ ስትቀመጪ ነው ትለን ነበር እናቴ። ሳይንሱን አላውቅም፣ የራሰ ልብስ ግን እውነትም ያንቀጠቅጣል፣ ስለዚህ ቤት እንደገቡ ቶሎ መቀየር ነው። አስም ያለበት ሰው ብቻ ይጠንቀቅ፣ ቀዝቃዛ ደረቅ አየር ሊቀሰቅሰው ይችላል። አፍና አፍንጫ በሻርፕ ሸፍኖ መንዳት ይረዳል፣ ሐኪሙንም ይጠይቅ።

ብርዱ ያልቻለኝ፦

እሺ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ጂሜን አልለቅም።

የስሊጎዋ፦

ወይኔ፣ ስንት መልስ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ጣና በተለይ፣ ልጆቼ የውሻውን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ዛሬ ወጣሁ። 39 ነበር። የልጄን የእግር ኳስ ፖሊስተር ማሊያ ከውስጥ፣ ያረጀ ፍሊስ ከላይ፣ ጃኬቱን ብቻ ነው የገዛሁት፣ 28 ዶላር። ከቤት ስወጣ በረደኝና ልመለስ ነበር፣ "ቻያቸው" ያልሽው ትዝ አለኝ። እውነትም ታኮማ ፓርክ አካባቢ ስደርስ ሞቀኝ። ጓንት ደረብኩ፣ ከውስጥ ያደረግኩት ዕቃ የማጥብበትን ስስ የላስቲክ ጓንት ነው። እጄ ትንሽ ላበው፣ ግን አልቆፈነም! የዳቦ ፌስታሉም ሠርቷል፣ ስራመድ ክሽ ክሽ ይላል እንጂ።

ቅጠሉ ግን የጋሽ ጣና ነገር ነው። አንዷ ትንሽ ድልድይ ላይ በእግሬ ወርጄ ነው ያለፍኩት፣ አንድ ሯጭ ገርሞት አየኝ፣ ይየኝ። ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ በቴርሞስ የያዝኩትን ዝንጅብል ሻይ ጠጣሁ፣ ኪሴ ቆሎ ነበረ። በበጋ እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ቦታ አይገኝም፣ ዛሬ እኔና አንዲት አጋዘን ብቻ ነበርን። ቆሎዬን ስቆረጥም ቀና ብላ አይታኝ ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ሌላው ዜና ባለቤቴ ነው። ስገባ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝና "እጅሽን አምጪ እስቲ" ብሎ ነካው፣ ሞቃት ነው። ዝም አለ። ማታ ላይ ስልኩ ላይ ያገለገለ ሳይክል ሲያይ ያዝኩት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ነው፣ ሜሪላንድ አካባቢ ትልቅ ፍሬም ያለው ሳይክል የሚሸጥ ያለው አለ? ከ200 ዶላር ባይበልጥ።