ለወንድሜ ሞርፊን ታዘዘለት፣ እማዬ ግን አልሰጥም አለች

ጥያቄ (እህቱ፣ ከልደታ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ላይ የጀመረው የአጥንት ካንሰር አሁን ሳንባው ላይ ታይቷል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒቱን) የሚወስደው ጥቁር አንበሳ ነው። ሐኪሙ ለሕመሙ ማስታገሻ የሚጠጣ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ አዘዘለት። እማዬ ግን «ይሄ ለሚሞት ሰው ነው፣ ሱስም ያስይዘዋል» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የምትሰጠው ሲጮህ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እንዳንሰማው ትራሱን ነክሶ ያድራል። የሳንባውን ነገር አልነገርነውም፤ «ምን ደብቃችሁኝ ነው?» እያለ ያፋጥጠኛል። እኔም እንቅልፍ አጥቼ ሥራ ላይ ቆሜ ነው የማንቀላፋው። ምን ላድርግ?

መልስ 1 (ነርስ)፦
እህቴ፣ መቆለፉ እንኳን ደግ ነው፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ የግድ ነው። ቁልፉ ግን አንቺ ጋ ይሁን። የሚጠጣው ሞርፊን የሚሠራው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሕመሙ እስኪነሳ ከጠበቃችሁ ማብረዱ ይከብዳል። በሻይ ማንኪያ አትገምቺ፤ በሲሪንጅ ለክተሽ፣ የሰጠሽበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ሲሆን ብዙም አይታይም። ሰውነቱ ስለሚለምደው ግን በድንገት አይቋረጥም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። የማይተወው የሆድ ድርቀት ነው። ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ጠይቂ። ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ግን ቶሎ ሆስፒታል። ኬሞ ላይ ስለሆነ ትኩሳቱ ከ38 ካለፈም እንደዚያው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ለሚሞት ሰው ብቻ የሚባለው ስህተት ነው። የማስታገሻ ሕክምና ከኬሞው ጎን ለጎን ይሰጣል።

መልስ 2 (በ17 ዓመቴ ሊምፎማ፣ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር፣ የነበረብኝ)፦
እኔን ከመርፌው በላይ ያቃጠለኝ ሹክሹክታው ነበር። ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ወንድምሽ የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶታል፣ ብቻውን ነው የሚያብሰለስለው። «ሐኪሙ ሲናገር አብረኸን ትሆናለህ ወይስ እኛ ሰምተን እንንገርህ?» በይው። እሱ ይምረጥ።

ሌላው ገላውን የሚያጥበው ማነው? እናቱ ከሆነች፣ ለ19 ዓመት ጎረምሳ እሱ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ወንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይርዳው። ጓደኞቹንም «ይረብሹታል» ብላችሁ አታርቁበት። መጥተው ኳስ አብረውት ይዩ። ቢተኛም ይተኛ፣ ይዩ።

መልስ 3 (ልጇን ያስታመመች እናት)፦
ልጄ፣ በእናትሽ አልፈርድባትም። ጠርሙሱን ስትቆልፍ ሞቱን የቆለፈችበት መስሏት ነው። ካንቺ አፍ አትሰማም፤ ከሐኪሙ ወይም ከንስሐ አባቷ ትስማ። ጠበል የሚወስዱት ከሆነም መድኃኒቱን አታስተዉት። ደግሞ ጎረቤት «ምን እናግዝ?» ሲል «ምንም» አትበሉ። ልብስ ያጥቡ፣ የመድኃኒት ወረፋ ይያዙ። ሌሊቱንም ተራ ግቡ፤ አስታማሚ ከወደቀ ማን ሊያነሳው ነው?

በመንገር ላይ ግን ከላይ ከጻፈው ልጅ ጋር አልስማማም። እናቱ ሳትዘጋጅ አይነገረው።

መልስ 2፦
እማማ፣ እስከ መቼ ግን? እሷ እስክትዘጋጅ እሱ ከጉግል ያነበዋል።

መልስ 4፦
ቤት ድረስ እየመጡ የሚያስታምሙ አሉ። ሆስፒስ ኢትዮጵያን አፈላልጊ፤ ሥራው ይኸው ነው። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲንም ጠይቂ። በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም የተቋቋመ ነው፤ የቤተሰብን ጭንቀት ያውቁታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬን ለቀጠሮው ይዣት እሄዳለሁ፣ እሱም አብሮ ይግባ። ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ልቀስቅሰው?

መልስ 1፦
ለጊዜው አዎ፣ እንደታዘዘው። አንዳንዴ ሐኪም የመኝታውን መጠን ጨምሮ የሌሊቱን ያስቀራል። በቀጠሮው ጠይቂው፤ በራስሽ ግን እንዳትጨምሪ።